በከዚራው ግቢ የሚታዩት ድምፅ አልባ ኮሜዲዎች

በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ቅዳሜ ማታ በግቢው ውስጥ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ድምፅ አልባ የኮሜዲ ፊልሞችን በታደሰ ቅጂ ያሳያል። ቤቱ ታፔላ የለውም፤ ደንበኞቹ «ግቢው» ስለሚሉት እኔም እንዲሁ እለዋለሁ። እዚህ የምመዝነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፊልሞቹ በታደሰ መልካቸው ዛሬም ተመልካች የመያዝ አቅም አላቸው ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግቢው እንዴት ያቀርባቸዋል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልሴ ያለ ማመንታት አዎን ነው። የሁለተኛው መልስ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ምስሉን በተመለከተ ግቢው በከተማችን ያላየሁትን ጥንቃቄ ያደርጋል፣ ድምፁን በተመለከተ ግን ድምፅ የሌለው ፊልም ለማሳየት ይህን ያህል ጩኸት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

አብዛኞቻችን ቻርሊ ቻፕሊንን የምናውቀው በተበላሸ ቅጂ ነው። ምስሉ ይርገበገባል፣ ጭረት ሞልቶበታል፣ ሰዎቹ ያለ ዕረፍት እየተንደረደሩ ይሄዳሉ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከታሪኩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የፒያኖ ሙዚቃ ተለጥፎበታል። በልጅነታችን የድሮ ሰው አካሄዱ ራሱ እንዲህ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን የፍጥነት ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ስለሚዞር የካሜራ ባለሙያው እንደ ትዕይንቱ ሁኔታ በሰከንድ ከ16 እስከ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርፅ ነበር፤ ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ግን የማሳያው ፍጥነት በሰከንድ 24 ላይ ረጋ፤ በዝግታ የተቀረፀውም በዚህ ፍጥነት ሲታይ መሮጥ ጀመረ። በሌላ በኩል ኮሜዲያኖቹ ራሳቸው አንዳንድ ድርጊት እንዲፈጥንላቸው ሆን ብለው ካሜራው በዝግታ እንዲዞር ያደርጉ ስለነበር፣ ቅጂውን የሚያድሰው ባለሙያ የትኛው ሩጫ የኮሜዲያኑ፣ የትኛው ደግሞ የማሳያው እንደሆነ መለየት ይጠበቅበታል። ፍጥነቱ በተስተካከለ ቅጂ ላይ ቻፕሊን እየሮጠ ጥግ ሲታጠፍ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ በሌላው እየተንሸራተተ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሚዛኑን እስኪያገኝ የሚወስድበት አፍታ በግልጽ ይታያል። ሳቁ ያለው እዚያች አፍታ ላይ ነው፤ በፈጠነው ቅጂ ላይ ደግሞ እርሷ ጨርሶ የለችም።

ሌላው የተወሰደብን ነገር የምስሉ ጠርዝ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ ጎን በግራ በኩል ስለነበር፣ ድምፅ አልባዎቹ በአዲሱ አሠራር ሲባዙ የግራው የምስል ክፍል ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀር ነበር። መሐል ላይ የቆመው ተዋናይ ወደ ዳር ይገፋል፣ ከጫፍ በኩል የሚመጣው በር ወይም ዱላ ከእይታ ይወጣል። ለሌላ ዓይነት ፊልም ይህ ቀላል ጉዳት ሊባል ይችል ይሆናል። ለእነዚህ ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ፣ ሰውየው ገና ያላየውን አደጋ ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ፣ ሁለቱንም በአንድ ምስል ውስጥ ሲያይ ነው። በቃል የሚነገር ቀልድ እዚህ የለም፤ ያሉት ርቀት፣ ክብደትና ጊዜ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከተበላሹ የሚቀረው የሰው መውደቅ ብቻ ነው፣ እርሱ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስቅም። እነዚህን ፊልሞች «የልጆች ነገር» ብለው የሚተዉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ይህን ቅሪት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሞቹ እስከ ዛሬ መድረሳቸው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊልም ይታተምበት የነበረው ናይትሬት በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ፣ ከእሳት ቢተርፍም በጊዜ ብዛት እየተላቆጠ በመጨረሻ ዱቄት የሚሆን ነገር ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከወጡት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ በታዩበት ይዘት የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። የዘመኑ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ ፊልሞቹን በራሱ ግቢ በጥንቃቄ ያስቀምጥ የነበረ ሰው ነው፤ ሆኖም በ1943 በማከማቻው ውስጥ የተነሣው እሳት ብዙዎቹን የቀድሞ ሥራዎቹን በልቶበታል። የሌላው የዘመኑ ኮሜዲያን፣ የበስተር ኪተን ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር፤ የቀድሞ ቤቱን የገዛው እንግሊዛዊው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን በ1950ዎቹ የፊልም ጥቅልሎች እዚያው ተቀምጠው አግኝቷል።

ዛሬ በዚህ ሥራ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው የጣሊያኑ የቦሎኛ ሲኒማቴክ (የፊልም ማኅደር) ነው፤ ከ1999 ጀምሮ የቻፕሊንን፣ በኋላም የኪተንን ፊልሞች እያደሰ ቆይቷል። ሥራው አቧራ ማራገፍ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን ቆመው ይቀርፁ ስለነበር፣ የአንዱ ኔጋቲቭ በአሜሪካ ሲቀር የሌላው ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር፤ በዚህ የተነሣ በየአገሩ ያሉት ቅጂዎች በማዕዘንም ሆነ በርዝመት አይገጥሙም። አዳሹ ከተለያዩ ማኅደሮች የመጡትን ቅጂዎች አሰባስቦ፣ ትዕይንት በትዕይንት አስተያይቶ፣ የተሻለውን መርጦ፣ በስካነር አንሥቶ፣ ጭረቱን ያጠፋል፣ የሚንቀጠቀጠውን ያረጋጋል። በግቢው ካየሁት በመነሣት እነዚህ ሰዎች ልክ ያውቃሉ ለማለት እደፍራለሁ፤ ምስሉን አጥበው ፕላስቲክ አላስመሰሉትም፣ የፊልሙ ረቂቅ ነጠብጣብ አሁንም ይታያል፣ የጨርቁ ሽመናና የግድግዳው ልስን ሳይቀር ይለያል።

በግቢው ከታዩት ሁሉ ለድሬዳዋ ሰው ተብሎ የተሠራ የሚመስለው የኪተን «ዘ ጄኔራል» ነው። የ1926 ሥራ ሲሆን፣ መነሻው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በ1862 በእርግጥ የተፈጸመ የባቡር ጠለፋ ነው። ኪተን ራሱ የሚጫወተው፣ ጆኒ ግሬይ የተባለው የባቡር ነጂ የሚወደውን ሎኮሞቲቭ ሰላዮች ይሰርቁበታል፤ እርሱም መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ በእጅ በሚነዳ የሐዲድ ጋሪ፣ ከዚያ በብስክሌት፣ በመጨረሻ በሌላ ሎኮሞቲቭ ያሳድዳቸዋል። መጀመሪያ አሳዳጅ ሆኖ የሄደበትን ሐዲድ በኋላ ተሳዳጅ ሆኖ ይመለስበታል፤ ታሪኩ ይኸው ነው፣ ሌላ የሚጨመርበትም አያስፈልገውም።

ይህች ከተማ በ1902 ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ከዚራ ውስጥ ሸመንደፈር ያልነካውን ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ያን ምሽት ከፊት የተቀመጡት ከባቡር ድርጅቱ ጡረታ የወጡ አዛውንቶች ፊልሙን ያዩት እኛ ባየንበት ዐይን አልነበረም። ሎኮሞቲቩ አንድ ቦታ ላይ መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ ከቦታው አልነቃነቅ ሲል፣ ግማሹ ተመልካች ምን እንደተፈጠረ ገና ሳይገባው አንድ አባት ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አሸዋ! አሸዋ በትንበት እንጂ!» አሉ። ኪተንም ወርዶ ከሐዲዱ ዳር አፈር እየዛቀ ከመንኮራኩሩ ፊት መበተን ጀመረ፤ አፈሩን ፍለጋ ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆነጠጠና ሎኮሞቲቩ ጥሎት ሄደ። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት «ጋሼ፣ ፊልሙን ከዚህ በፊት አይተውታል እንዴ?» ሲላቸው፣ «ኧረ አቦ፣ ፊልሙን መች አየሁት፤ ሐዲዱን ነው የማውቀው» ብለው ተቀመጡ። እውነትም ኪተን የባቡርን ሥራ አላሾፈበትም። እንጨቱን የሚጭነው፣ እንፋሎቱን የሚለቀው፣ የሐዲድ መቀየሪያውን የሚያዞረው ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ነው፤ ቀልዱ የሚመጣው ሰውየው ሥራውን በትክክል ሲሠራ ዓለሙ አልተባበር ሲለው ነው።

ሁለት ትዕይንቶችን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በመጀመሪያው ጆኒ የሚወዳት አናቤል ስታሰናብተው፣ ሐዘን ተጭኖት የሎኮሞቲቩን መንኮራኩሮች በሚያያይዘው ረጅም ብረት ላይ ይቀመጣል። ባቡሩ ቀስ ብሎ ሲነሣ ብረቱ ከነሰውየው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል፤ እርሱ ግን ሐሳብ ላይ ስለሆነ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚነቃው ወደ ጋራዡ ጨለማ ሊገባ ሲል ነው። ትዕይንቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ብረቱም ሰውየውም እውነተኛ ናቸው፤ ነጂው እንፋሎቱን ትንሽ አብዝቶ ለቆ መንኮራኩሩ ባዶውን ቢሽከረከር ኖሮ ኪተን በሕይወት መትረፉ ያጠራጥር ነበር። በተበላሸው ቅጂ ላይ ብረቱና የመንኮራኩሩ ጥላ አንድ ላይ ጠቁረው ስለሚታዩ ሰውየው የት እንደተቀመጠ እንኳ አይለይም። በታደሰው ላይ የብረቱ ዘይት ሳይቀር ያብረቀርቃል። ሳቁና ፍርሃቱ አብረው የሚመጡት ይህን ማየት ሲቻል ነው።

ሁለተኛው ሎኮሞቲቩ በሽሽት ላይ ሳለ እሳቱ እንጨት ሲጠይቅ የሚሆነው ነው። አናቤል አንድ ፍልጥ አንሥታ ታየዋለች፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ስላለበት አልወደደችውምና አውጥታ ትጥለዋለች። ቀጥሎ መጥረጊያ አንሥታ የሎኮሞቲቩን ወለል መጥረግ ትጀምራለች። ጠላት ከኋላ እየደረሰ ነው። ጆኒ ተናዶ ጣት የምታህል ስንጣሪ ያቀብላታል፤ እርሷም በትጋት ወደ እሳቱ ትጨምራታለች። ያን ጊዜ አንገቷን ይዞ እንደማነቅ ካደረገ በኋላ መልሶ ይስማታል። ኪተን ፊቱን ፈጽሞ አይለውጥም እየተባለ ይወራል፤ በግልጽ ቅጂ ሲታይ ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ የማይስቀው አፉ ነው፣ ዐይኖቹ ግን ሥራ አይፈቱም። ቁጣው፣ ተስፋ መቁረጡና ፍቅሩ በተራ ሲያልፉ በዐይኖቹ ይነበባል። ከጎኔ የተቀመጡት ባልና ሚስት እዚህ ላይ እርስ በርስ ተያይተው የሳቁት ሳቅ የራሳቸው ቤት ሳቅ ይመስለኛል።

አሳዳጁ ባቡር ከነድልድዩ ወንዝ ውስጥ የሚወድቅበት ታዋቂው ትዕይንት በኦሪገን ግዛት ሮው በተባለው ወንዝ ላይ፣ በእውነተኛ ሎኮሞቲቭና በሚቃጠል እውነተኛ ድልድይ፣ በአንድ ጊዜ ቀረፃ የተሠራ ነው። 42,000 ዶላር እንደፈጀ ሲነገር ኖሯል፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ወንዝ ውስጥ የወደቀው ብረት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እዚያው ከቆየ በኋላ ለብረታ ብረት ተነሥቷል። ከአደጋው ይልቅ እኔን ያሳቀኝ ግን ወዲያው የሚከተለው የአሳዳጁ ጦር አዛዥ ፊት ነው፤ ድልድዩ ባቡሩን ይችላል ብሎ ትእዛዝ የሰጠው እርሱ ነበርና። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የታሰበውን ገቢ አላመጣም፣ ተቺዎችም ፊት ነሡት። በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱም ያገኘው ሁሉ እያባዛ ሸጦታል፤ በመጥፎ ቅጂ ለመሰራጨቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ፊልም ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ጆኒ የተሰለፈው ባርነትን ለማቆየት ከተዋጋው ከደቡቡ ወገን ጋር ነው፤ ፊልሙም ይህን እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። ከዚህ የባሰው በ1925ቱ «ሰቨን ቻንስስ» ውስጥ አለ፤ እዚያ ነጭ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ ጥቁር አገልጋይ ሆኖ ይሣቅበታል። ግቢው ይህንን ፊልም ያሳየው አንድም ቃል ሳይናገር ነው። በዚያ ትዕይንት ላይ ግቢው ጸጥ አለ፣ ማንም አልሳቀም፣ ከኋላ አንድ ሰው ምላሱን መታ። በፊልሙ መጨረሻ ኪተን ከኮረብታ ላይ ከሚንከባለሉት ድንጋዮች የሚሸሽበት ሩጫ ከሠራቸው ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ፊልሙ ይከልከል አልልም፤ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ግን ለቤቱ አይከብደውም ነበር።

አሁን ወደ ግቢው ልመለስ። ምስሉ የሚጣለው በኖራ በተቀባ ሰፊ ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቱ ምስሉን ከግድግዳው ስፋት ጋር ለማመጣጠን ብሎ ወደ ጎን አልለጠጠውም፤ ግራና ቀኙ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ደንበኛ ገና ሲገባ «ለምን ግድግዳውን አይሞላም?» እያለ ያጉረመርማል፤ ቢሞላው ኖሮ ግን ቀጭኑ ሃሮልድ ሎይድ እንደ በርሜል ይሰፋ ነበር። ከዚህም ሌላ በዘመናዊ ፕሮጀክተሮች ላይ በራሱ በርቶ የሚመጣውን፣ በፍሬሞች መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ አጥፍቶታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዓመታት የተደከመበትን የፍጥነት ሥራ አንዲት ቁልፍ ልታበላሸው ትችላለች። በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ተመሳሳይ ፊልም ሲታይ ይኸው ሴቲንግ በርቶ፣ ምስሉም ተለጥጦ ነበር፤ መግቢያው ደግሞ ከግቢው ብዙ እጥፍ ነበር።

የሎይድ «ሴፍቲ ላስት» በታየበት ምሽት ግቢው በልጆች ሞልቶ ነበር። የ1923 ፊልም ነው፤ በዕቃ መደብር የሚሠራ ወጣት ለማስታወቂያ ሲባል የሕንፃ ግድግዳ ይወጣል፣ በመንገዱም ላይ ከትልቁ ሰዓት እጅ ላይ ይንጠለጠላል። ሥዕሉን ፊልሙን ያላየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማይታወቀው፣ የሚወጣው እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ጣጣ እንዳለው ነው፤ እርግቦች ይሰፍሩበታል፣ መረብ ይወድቅበታል፣ አይጥ በሱሪው እግር ይገባበታል። ከበስተጀርባው የሚታየው የሎስ አንጀለስ ጎዳና እውነተኛ ነው፤ ግድግዳውን በተለያየ ከፍታ ባላቸው ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ሠርተው ካሜራው መንገዱን ከታች እንዲያሳይ አድርገው አቆሙት። ሎይድ በ1919 ለፎቶ የያዘው ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አጥቶ ነበር፤ ሰዓቱን የጨበጠው ያ እጅ ጓንት ውስጥ የተደበቀ ነው። በታደሰው ቅጂ ላይ ከእግሩ ሥር የሚያልፉት መኪኖችና የመንገድ ባቡሮች አንድ በአንድ ስለሚታዩ ከፍታው ሆድ ይበላል። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ሻርፗን ዐይኗ ላይ ጥላ በሽመናው ቀዳዳ ታይ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት አላውቅም።

ያዘንኩት በቻፕሊን «ዘ ጎልድ ራሽ» ነው። ፊልሙ በ1925 ድምፅ አልባ ሆኖ ወጣ፤ በ1942 ቻፕሊን ራሱ አሳጥሮት፣ በትዕይንቶቹ መካከል የሚገቡትን ጽሑፎች አውጥቶ፣ በራሱ ድምፅ በእንግሊዝኛ እየተረከ እንደገና አወጣው። ግቢው ያሳየው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ሰውየው በረሃብ ተይዞ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ፣ የጫማውን ክር በሹካ እንደ ፓስታ ጠቅልሎ ሲያነሣ፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት ሲመጥ፣ አጠገባችን የእንግሊዝኛ ትረካ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ግቢ ተቀምጠው፣ ማንም ከማንም ሳያንስ እኩል ሊስቁ የሚችሉበትን ፊልም በአንድ ቋንቋ ማጠር ምን ይባላል? ቻፕሊን በገዛ ፊልሙ ላይ የፈለገውን የማድረግ መብት ነበረው፤ አሳዪው ግን ምርጫ አለው። የ1925ቱ ይዘት ተመልሶ ተሰብስቧል፣ በ2025 መቶኛ ዓመቱ ሲከበርም አዲስ የታደሰ ቅጂው በካን ፌስቲቫል ታይቷል። ግቢው እርሱን እንዲፈልግ አጥብቄ እመክራለሁ።

የድምፁ ችግር በዚህ አያበቃም። የታደሱት ቅጂዎች የራሳቸው የተመረጠ ሙዚቃ አላቸው፤ ሆኖም በግቢው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች እስከ ጥግ ስለሚከፈቱ ቫዮሊኑ ጆሮ ይሰነጥቃል። ከዚህ በተጨማሪ በማይክሮፎን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአማርኛ የሚያነብ ወጣት አለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድምፁም ያምራል፣ አነባበቡም ንጹሕ ነው። ችግሩ ጽሑፍ በሌለበትም መናገሩ ነው። «አሁን ድልድዩ ይሰበራል»፣ «አሁን እዩት፣ ሊወድቅ ነው» ይላል። የእነዚህ ፊልሞች ሀብት ተመልካቹ አደጋውን በራሱ ዐይን ቀድሞ አግኝቶ፣ ይደርሳል አይደርስም እያለ መጠበቁ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚናገር ሰው የተመልካቹን ድርሻ ይቀማል። ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ዝም ቢል ከግቢው ዋና ሀብቶች አንዱ በሆነ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ጄነሬተሩ ሲነሣ ማይክሮፎኑ አልሠራ ብሎ የኪተን «ሼርሎክ ጁኒየር» እስከ መጨረሻው ያለ ተናጋሪ ታየ፤ ከሁሉም የተሻለው ማሳያም እርሱ ሆነ። በነገራችን ላይ በዚያ ፊልም ከውኃ ማማ የሚወርደው ውኃ ኪተንን ሐዲድ ላይ ሲጥለው የሚታየው ውድቀት አንገቱን የሰበረው ነው፤ እርሱ ግን ይህን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም በራጅ ሲያየው ነበር።

ለባለቤቱ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በፈረንሳይኛ ያደጉ አዛውንቶች ባሉበት ከተማ የፈረንሳዩ ማክስ ሊንደር እስካሁን አለመታየቱ ይቆጨኛል። ከቻፕሊን ቀድሞ በሐር ባርኔጣና በንጹሕ ልብስ ሰው ያሳቀ፣ ቻፕሊንም እንደ መምህሩ የቆጠረው ነው፤ አጫጭር ሥራዎቹም ከዋናው ፊልም በፊት ለመክፈቻ ይመቻሉ።

መግቢያው 60 ብር ሲሆን አንድ ሻይ ይጨምራል፤ ሳምቡሳው ለብቻው ይከፈላል፣ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ነው። ማሳየት የሚጀመረው ጨለማው ሲይዝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሆኖም ከግድግዳው ፊት ያሉት ወንበሮች ቀደም ብለው ይያዛሉ። ስፒከሮቹ በቀኝ በኩል ስለሆኑ በግራ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ያለው ረድፍ ይሻላል። ቢምቢ አለ፤ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ልጆች ላሏችሁ «ሴፍቲ ላስት» በድጋሚ ሲታይ ይዛችሁ ኑ፤ አባት ወይም አያት ሸመንደፈር የሠሩላችሁ ደግሞ «ዘ ጄኔራል» በሚታይበት ቅዳሜ ከፊት ረድፍ ቦታ ያዙላቸው፣ የማይክሮፎኑ ልጅም ለእርሳቸው ቢለቅላቸው አይከፋም።